በድንኳኑ ሥር ያለፈው ውሃ

ባለፈው ሳምንት አንድ ወጣት መሐንዲስ ኮምቦልቻ ወዳለችው የፓምፕ ማከራያ ሱቄ መጣ። ቀትር ላይ ነበር። የኮምቦልቻን የግንቦት ቀትር የቀመሰ ያውቀዋል፤ የጣሪያው ቆርቆሮ ይንጣጣል፣ ውሻ ሳይቀር ከሰው ጋር ጥላ ይሻማል። ልጁ ግን ላቡን በእጅጌው እየጠረገ ይስቃል። ወደ ቦርከና ወንዝ በሚወርደው መንገድ ዳር ለሕንፃ መሠረት ሲቆፍሩ ውሃ ፈልቆባቸው ሥራ አቁመው ከርመዋል። አሁን ውሃውን እየሳቡ ለጊዜው ወደ ከተማው የፍሳሽ ቦይ እንዲለቁት ተፈቅዶላቸዋል። ስልኩን አወጣና የፈቃዱን ማኅተም አጉልቶ አሳየኝ።

«ጋሼ፣ ሁሉ ነገር አልቋል። የቀረን የእርስዎ ፓምፕ ብቻ ነው» አለኝ።

ማኅተሙን ሳይ ምላሴ ሳላዘው ወደ ላይኛው ድዴ ሄደ። እዚያ በኩል የፊት ጥርስ የለኝም። ሰው ሲጠይቀኝ «ስኳር ነው» እላለሁ፤ ውሸቴን ነው። ጥርሶቼ የረገፉት በወጣትነቴ፣ ደሴ ላይ፣ ልክ እንዲህ ያለ ማኅተም ደረት ኪሴ ውስጥ እያለ ነው።

ያኔ ከቴክኒክ ትምህርት ቤት እንደወጣሁ የመጀመሪያ ሥራዬን የያዝኩት ሰኞ ገበያ አጠገብ ይሠራ በነበረ አንድ ሕንፃ ላይ ነበር። ሥራዬ ፓምፕና ጄኔሬተር መጠበቅ ነው። ጠዋት ጠዋት ከኮምቦልቻ በሚኒባስ እወጣለሁ። በሸሚዝ ተሳፍሬ ደሴ ስወርድ ጃኬቴን እደርባለሁ፤ ሁለቱ ከተሞች እንዲህ ተቀራርበው በአየር የተጣሉ ናቸው። ወሩ ጥቅምት ነበር። ዳገቱን ስንወጣ በመስኮቱ የገባው ንፋስ የደረሰ እህል ይሸታል። መናኸሪያው በር ላይ ሴቶቹ የበቆሎ እሸት በከሰል ይጠብሳሉ፤ አንዱን ገዝቼ እጄን እያሞቅሁበት ወደ ሥራ እወርዳለሁ። በቆሎ በጥርስ የሚበላ ነገር እንደሆነ ያኔ አስቤው አላውቅም ነበር።

ደሴ ጦሳ ተራራ ሥር የተቀመጠች ከተማ ናት። ጦሳ ክረምቱን ሙሉ የጠጣውን ውሃ ዝናቡ ካባራ በኋላ በየሰዉ ጓሮ ይተፋዋል። እኛም ለምድር ቤቱ የቆፈርነው ጉድጓድ ከሥሩ ውሃ ያፈልቅ ጀመር። ከኩታበር የመጡት የቀን ሠራተኞች በባልዲ ቀዱት፣ በበርሜል ተሸከሙት፤ ጠዋት ሲመለሱ ያው ነው። ውሃ ቢወቅጡት እንቦጭ ማለት ይኼ ነው።

ጉዳዩ ሥራ መጓተቱ ብቻ ቢሆን ባልከፋ። ከጉድጓዱ አፋፍ ላይ አንድ የጭቃ ቤት ነበረ። የእማማ ዘይነባ ቤት ነው። ባለቤታቸው ጋሽ ሁሴን እግራቸው ከከዳቸው ዓመታት አልፈዋል፤ አልጋቸው በመስኮቱ ሥር ተዘርግቶ ከጠዋት እስከ ማታ እኛን ሲያዩ ይውላሉ። ውሃው የአፈሩን እግር ባላላው ቁጥር አፋፉ ትንሽ ትንሽ ይናዳል፣ የቤቱም ግድግዳ ጣት የሚያስገባ ስንጥቅ አውጥቷል። ውሃውን አድርቀን የድጋፍ ግንብ ካልሠራን ቤቱ ከነሰዉ እንደሚወርድ ማንም ያየዋል። ጋሽ ሁሴን ራሳቸው ያውቁታል፤ ግን ይቀልዱበታል።

«እናንተ ልጆች! ከነአልጋዬ ልትቀብሩኝ ነው? እንግዲያው ለቆፋሪ አልከፍልም!» ይሉናል በመስኮቱ።

«አብሽሩ አባባ! እኛ እያለን ወላሂ አይነካዎትም» ይላቸዋል ፎርማናችን ሰይድ። ሰይድ የቢስቲማ ልጅ ነው፤ ድምፁ ትልቅ፣ ዓይኖቹ የሴት የሚመስሉ፣ ሠራተኛ ሲቆጣ እንኳ መሳቁን የማይተው ሰው ነበር። ስለ ዓይኖቹ ያነሳሁት አለነገር አይደለም።

ውሃውን ስበን ወደ ከተማው የፍሳሽ ቦይ የምንለቅበትን ፈቃድ ለማግኘት የተላክሁት እኔ ነኝ። የከተማው ቢሮ ውስጥ ጉንፋን የማይለቀው አንድ ወፍራም ሰውዬ ነበር። መሐረቡን ከአፍንጫው ሳያነሳ ይጠይቀኛል፦ ውሃው ጭቃ አለው ወይ? ዘይት አለው ወይ? ከመቼ እስከ መቼ ነው? ዝናብ ቢመጣስ ታቆማላችሁ ወይ? እኔ ደግሞ ትዕግሥት ሲታደል ያልነበርሁ ሰው ነኝ። «ቤት እየፈረሰ ነው እኮ!» ብዬ ጮህሁበት። «ቤት የሚያፈርሰውስ የቸኮለ ሰው ነው» አለና ለቀጣዩ ቀን ቀጠረኝ። በመጨረሻ መጥቶ አየልን። ውሃውን በብርጭቆ ቀድቶ ወደ ፀሐይ ቀና አድርጎ ተመለከተው። ጭቃው እንዲዘቅጥ በርሜሎች በተርታ እንድናቆም አዘዘን። ከዚያ ቦዩን እስከ ታች ድረስ በእግራችን ተከትለነው ወረድን፤ ደረቅና ንጹሕ ነበር። ሰውዬው ሥራውን አልበደለም፤ ያን ጊዜ ቢያናድደኝም ዛሬ እመሰክርለታለሁ። ፈቃዱ ተጻፈ፣ ማኅተም አረፈበት፣ እኔም ኪሴ ከትቼ በኩራት ተመለስሁ።

ያን ሌሊት እዚያው ስንሠራ አደርን፤ በማግስቱ ጎህ ሲቀድ ከታችኛው ሰፈር ጥሩምባ ተነፋ።

ሌላው አገር እድር የሚለውን እኛ ወሎዎች ቅሬ እንለዋለን። ቅሬ ያለው ሰው ጥሩምባ ሲሰማ ከእንቅልፉ ይነሳል፣ «ማን ሞተ?» ይላል፣ ጋቢውን አዘቅዝቆ ይወጣል። እስላሙም ክርስቲያኑም በአንድ ቅሬ ነው የሚቀበረው። እኛ ቤት ግን ጥሩምባ የሰው ጉዳይ ነበር። አባቴ ጌታን ተቀብሎ ጴንጤ የሆነ ጊዜ ቅሬው አስወጥቶታል። ከዚያ ወዲህ ጥሩምባ ሲነፋ እናታችን ብርድ ልብሱን እስከ ጆሯችን ታለብሰንና «ተኙ፣ እኛን አይደለም» ትለን ነበር። ሰይድ ቅሬው ቢስቲማ ነው፤ የቀን ሠራተኞቹ ኩታበር። እዚያ ጉድጓድ ውስጥ ከነበርነው ሁሉ የሰፈሩን ቅሬ የሚያውቅ አንድ ሰው አልነበረም። ጥሩምባውን ሁላችንም ሰማነው፤ ሁላችንም ጎማ ቱቦ መዘርጋታችንን ቀጠልን። እስከ ዛሬም ጥፋቱ የእኛ ብቻ ነው ብሎ የሚከራከረኝ ካለ ይምጣ፣ እገጥመዋለሁ።

የሞተው ግርማ የሚባል ወጣት የሚኒባስ ረዳት ነው። እኔ በየቀኑ በምመላለስበት ቁልቁለት መኪናቸው ተገልብጦ ሞተ። ቤተሰቡ የሚኖረው ከእኛ በታች፣ ከመታጠፊያው ወዲያ ነው። ደሴ ላይ ድንኳን የሚተከልበት ሜዳ ከየት ይመጣል? ቅሬው መንገዱ ላይ ተከለው። መንገዱ ዘቅዝቆ ለቀስተኛ አላስቀምጥ ስላለ የሰፈሩ ጎረምሶች ደረቁን ቦይ አፈር በሞላ ጆንያ ደፍነው ደለደሉት፤ ሰሌንም አነጠፉበት። በጥቅምት ማን ጎርፍ ይጠብቃል?

በሁለተኛው የለቅሶ ቀን ጠዋት ጄኔሬተሩን አስነሳሁ። ጋሽ ሁሴን በመስኮቱ ሆነው ይጮሁና እጃቸውን ያወናጭፉ ነበር። በሞተሩ ጩኸት ድምፃቸው አይሰማም። የሚቀልዱ መስሎን እኛም እጃችንን አውለበለብንላቸው። ውሃው በጎማው እየተንቀጠቀጠ ወጣ፣ በበርሜሎቹ አለፈ፣ ቦዩ ውስጥ ገብቶ ቁልቁል ነጎደ። ሰይድ «አልሐምዱሊላህ!» አለና ጀርባዬን መታኝ። የጉድጓዱ ወለል ሲብለጨልጭ ስናይ አጨበጨብን።

ታች የሆነውን ኋላ ነው የሰማሁት። ውሃው ጆንያዎቹ ጋ ሲደርስ መሄጃ አጣ፣ ሞላ፣ ከዚያ ከሰሌኑ ሥር ፈነዳ። የሟች እናት መሬት ተቀምጠው ነበር፤ እቅፋቸው ድረስ ገባ። የልጁን ፎቶግራፍ ያስቀመጡባት የእንጨት ዱካ ተገልብጣ ፎቶው በጭቃ ላይ ተንሳፈፈ። የሟቹ ታናሽ ወንድም መኮንን ፎቶውን ከውሃው አንስቶ በሸሚዙ ጠረገው አሉ። ከዚያ የድንኳኑን ትርፍ ቋሚ አነሳ።

መጀመሪያ የሰማነው ፉጨት ነው። ቀጥሎ ድንጋዩ መጣ፤ ቆርቆሮ አጥራችን በረዶ እንደሚወርድበት ሲደበደብ ጆሮ ያደነቁራል። አጥሩ ወደ ውስጥ ተገነደሰና ሰው ጎረፈ። ሱሪያቸው እስከ ጉልበት ርሷል፣ ጋቢያቸው እንደተዘቀዘቀ ነው፣ በእጃቸው የድንኳን ቋሚ፣ ፍልጥ፣ ድንጋይ። «በወንድሜ ለቅሶ ላይ!» ይላል መኮንን። ሌላ ቃል የለውም፤ እሱኑ ይደጋግማል። ሆድ ለባሰው ማጭድ አታውሰው ይባላል፤ እሱ ማጭዱን ራሱ ይዞ ነው የመጣው። በመጀመሪያው ምት የጄኔሬተሩን መቆጣጠሪያ ሰባበረው፤ ሞተሩ ጮኸ፣ ጨሰ፣ ዝም አለ። ሌላው ጎማውን በፋስ ከተፈው።

ዘበኛችን «ኧረ በመድኃኔዓለም! ኧረ በአላህ!» እያለ መሐል ገባ። ሊገላግል አካፋ ይዞ ነበር፤ የእብድ ገላጋይ ድንጋይ ያቀብላል። አካፋውን ያየ ጎረምሳ በፍልጥ ክንዱን ሰበረው፤ ስንጥቅ የሚለው ድምፅ እኔ ድረስ ተሰማ። ከዚያ የኩታበሮቹ ሠራተኞች ዶማ አነሱ። እነሱም የሰው ልጆች ናቸው፣ እነሱም ደም አላቸው። ጭቃው ላይ ሰው በሰው ላይ ተነባበረ። አንዱ የሌላውን ጆሮ ነክሶ አልለቅ አለ። አንድ ሽማግሌ ጋቢያቸውን ጥለው ድንጋይ ሲያቀብሉ አይቻለሁ፤ እኚያን ሰው በሌላ ቀን ባገኛቸው እጃቸውን የምስም ሰው ነኝ።

እኔስ? አባቴ የቤተ ክርስቲያን ሽማግሌ ነው። ቀኝህን ለሚመታህ ግራህን አዙርለት እየተባልሁ ነው ያደግሁት። የዚያን ቀን የቧንቧ ብረት መገጣጠሚያ አንስቼ በቅድሚያ ያገኘሁትን ሰው ትከሻ አልሁት፤ ሲወድቅም ደስ አለኝ። ደስታው ብዙ አልቆየም። መኮንን ፊቴን በቋሚው ጫፍ ወጋኝ። አፌ ውስጥ የሆነ ነገር ተሰባበረ፣ ጠጠር የቆረጠምሁ መሰለኝ፣ ተፋሁት፤ ጥርሶቼ ነበሩ። በጉልበቴ ወድቄ ደረት ኪሴን ያዝሁ። «ፈቃድ አለን! ማኅተም አለው!» እላለሁ፣ ከአፌ የሚወጣው ግን ደም ነው። መኮንን ወረቀቱን ነጥቆኝ ጭቃው ላይ ረገጠው።

ሰይድ ሊያነሳኝ ጎንበስ አለ። ያ ድንጋይ ማን እንደወረወረው ዛሬም በእርግጥ አይታወቅም። ሰይድ አልጮኸም። እጁን ፊቱ ላይ አድርጎ ቀስ ብሎ ተቀመጠ፤ በጣቶቹ መሐል የሚወርደውን ያየ ሁሉ ድንጋዩን ከእጁ ጣለ። ጠቡ እዚያ ላይ ቆመ። የመጡት በመጡበት ተመለሱ፣ የእኛዎቹም ሰይድንና ዘበኛውን ይዘው ወደ ሆስፒታል ሮጡ። እኔ አፌን በጃኬቴ ጠቅጥቄ ቀረሁ።

ውሃ የሰው ጠብ አያውቅም። ፓምፑ ከቆመበት ደቂቃ ጀምሮ እንደገና ይሞላ ነበር። እኩለ ቀን ሲሆን የአፋፉ አፈር ጉማጅ ጉማጁን ጉድጓዱ ውስጥ ይወድቅ ጀመር፤ የእማማ ዘይነባ ግድግዳ ስንጥቅም ጣት ሳይሆን እጅ ያስገባል። ባለሕንፃው ሌላ ጄኔሬተርና ቱቦ ላከ። ቢልክስ? ቦዩ ተደፍኗል፤ የደፈነው ድንኳን ነው። ወደ ቤቱ ሮጬ እማማ ዘይነባን ጠራሁ፤ የሉም። በሩ ከውጭ በገመድ ታስሯል።

«ለቅሶ ናት!» አሉኝ ጋሽ ሁሴን በመስኮቱ። አሁን አይቀልዱም። «ቦዩ ላይ ድንኳን አለ ብዬ ጠዋት ስነግራችሁ እጅ ትነሱኛላችሁ! ጣሪያው ይንቋቋል ልጄ፣ ከላዬ ይንቋቋል።»

አልጋው የወይራ ነው፣ እሳቸውም ግዙፍ ሰው ናቸው፤ ገመዱን ፈትቼ ገብቼ ብቻዬን ብሞክር ከቦታው አልነቃነቅሁትም። ሰው ያለው አንድ ቦታ ብቻ ነው፤ የደበደበኝ ሰው ሁሉ ያለበት ቦታ።

ወረድሁ። እንዳልፈራሁ አድርጌ ብናገር ውሸት ነው። ድንኳኑ በር ላይ ስደርስ መኮንን ከተቀመጠበት ተነሳ፣ ሌሎችም ተነሱ። ለቅሶ እንዴት እንደሚደረስ አላውቅም፤ እኛ ቤት በቀብር ላይ ይዘመራል። በሩ ላይ ቆምሁ። ደሙ አገጬ ላይ ደርቋል።

«ተቀመጡ» አለ አንድ ድምፅ። ጋሽ ታደሰ ነበሩ፣ የሟች አባት፤ ፂማቸው ያልተላጨ ቀጭን ሰው። «ድንኳን የገባ ሰው ለቅሶ ደራሽ ነው። በልጄ ድንኳን ውስጥ ሰው አይመታም።» ከዚያ ወደ እኔ ዞሩ። «እግዜር ያጥናችሁ በል።»

«እግዜር ያጥናችሁ» አልሁ።

ንፍሮ በእጄ አፈሱልኝ። ለቅሶ ቤት የሚቀርብልህን ንፍሮ አልበላም አይባልም። ስንዴውን ወደ አፌ ሳደርግ ጨዉ ድዴን እሳት ለቀቀበት፤ ዓይኔ እንባ አቀረረ። ሰዉ ለግርማ ያለቀስሁ መሰለው። ምናልባት ለእሱም ነበር።

«ምን ፈልገህ ነው የመጣኸው?» አሉኝ። «ፈቃድ አለህ አሉ።»

«የከተማው ነው ያለኝ፤ የእርስዎ የለኝም» አልኋቸው። «የእማማ ዘይነባ ግድግዳ ሊወድቅ ነው። ጋሽ ሁሴን ውስጥ ናቸው። ውሃው እንዲወርድ ድንኳኑ መነሳት አለበት።»

ከሴቶቹ መሐል እማማ ዘይነባ ተነሱ። የቀሚሳቸው ጠርዝ በእኛው ውሃ እንደራሰ ነው። «ያ አላህ! ሁሴኔን!» ብለው ጫማቸውን ሳያደርጉ ሮጡ።

አንድ ሰው «ጋሽ ታደሰ፣ ነገ እኮ ሣልስት ነው፤ ድንኳን ከሣልስት በፊት...» ብሎ ጀመረ። ሽማግሌው አላስጨረሱትም።

«የኔ ልጅ ከእንግዲህ አይነሳም። ሁሴን ግን ገና አለ። ንቀሉት!»

ሸራው ከራሳችን ላይ ሲወርድ ፀሐይ ዓይናችንን ወጋን። ገሚሱ ጆንያዎቹን ከቦዩ እየመዘዘ ወረወረ፤ ገሚሱ ቋሚዎቹን ይዞ ዳገቱን ሮጠ። ጠዋት ይዘውብን የመጡት ቋሚዎች ናቸው፤ አንዱ ጫፍ ላይ የኔ ደም አለ። ግድግዳውን በእነሱ ደገፉት። እኔ ቤቱ ውስጥ ገብቼ የአልጋውን ራስጌ ያዝሁ። በግርጌው በኩል ማን እንደያዘ ያየሁት ቀና ስል ነው፤ መኮንን ነበር። ተያየን። አልጋውን እኩል አነሳነው።

«ቀስ! ቀስ! እንቁላል አይደለሁም ግን እሰበራለሁ» ይላሉ ጋሽ ሁሴን።

ደጃፉን እንዳለፍን የአልጋው ክፍል ሄደ። መጀመሪያ ወለሉ ከዳ፣ ከዚያ ግድግዳው፣ ከዚያ ጣሪያው፤ ጉድጓዱ ሁሉንም ዋጠውና አቧራው ሸፈነን። ቋሚዎቹ የያዙት ሁለተኛው ክፍል ቆሞ ቀረ። እማማ ዘይነባ የባላቸውን እግር አቅፈው መሬት ላይ ተቀመጡ።

ከሰዓት በኋላ ፓምፑን አስነሳሁ። ውሃው ድንኳኑ በነበረበት በኩል ወረደ። ሣልስቱን እነ ጋሽ ታደሰ ከቦዩ ዳር በፀሐይ ላይ ተቀምጠው አወጡት፤ እኔም ሄጄ ተቀመጥሁ። ሰይድ ግን አንድ ዓይኑን አጣ። ሽማግሌ ተልኮ፣ መኮንን ድንጋይ በትከሻው ተሸክሞ እግሩ ሥር ሲወድቅ ሰይድ «ለአላህ ብዬ» ብሎ አነሳው፤ በቀረው ዓይኑም ሳቀለት። እኔ እንደ ሰይድ አይደለሁም። መኮንንን ይቅር ለማለት ዓመታት ፈጅቶብኛል፣ አሁንም በቆሎ እሸት ባየሁ ቁጥር ይቅርታዬን ትንሽ ትንሽ እመልሰዋለሁ።

ለወጣቱ መሐንዲስ ይህን ሁሉ አልነገርሁትም። «ቦዩን እስከ ወንዙ ድረስ በእግርህ ወርደህበታል?» ብቻ አልሁት።

«በፈቃዱ ጊዜ ታይቷል እኮ ጋሼ።»

«ዛሬስ? ሂድና እይ። ፓምፑ አይሸሽም።»

ሽማግሌ አስቸገረኝ እያለ በልቡ ሲያማኝ እየታየኝ ወጣ። ቆየ። ሲመለስ ፀሐዩ በርዶ ነበር። ፈገግታው የለም። ቀኝ እጁን እንደጨበጠ መጥቶ ጠረጴዛዬ ላይ ከፈተው፤ ንፍሮ ነበር፣ ስንዴና ባቄላ።

«ድንኳን አለ» አለኝ። «ቦዩ ላይ ተተክሏል። ዝም ብዬ ማለፍ አፈርሁና ገባሁ። ይኼን ሰጡኝ፤ ምን እንደማደርገው አላወቅሁም።»

«ይበላል» አልሁት። «ሣልስቱ መቼ ነው?»

«ነገ።»

«እንግዲያው ፓምፑን ከነገ ወዲያ ና ውሰድ።»

ከመዳፉ ጥቂት አነሳሁና ባልወለቁት ጥርሶቼ በኩል አላመጥሁ። እሱም ቆሞ በላ። የማናውቀው ሰው ነው የሞተው። ጨዉ ግን ልክ እንደ ያኔው ድዴን ለበለበኝ።